በጥቂት ገንዘብ ኮምፒዩተር ስለ መገጣጠም
ለጀማሪዎች የሚሆን ማስረጃና ምክር

ነጋዴ ገንዘቡን የሚያወጣበትን ዕቃ ሁሉ መርምሮ መግዛት እንደሚገባው የሚክድ የለም። እህል የሚነግድ ሰው እህሉን በእጁ ዘግኖ ሳያይ አይገዛም፤ ቆዳ የሚነግድም ቆዳውን ገልብጦ ሳይመለከት ዋጋ አይቆርጥም። ነገር ግን ይኸው ጠንቃቃ ነጋዴ ለጽሕፈት ቤቱ ኮምፒዩተር ሲገዛ የሣጥኑን ውበት ብቻ አይቶ፤ በውስጡ ምን እንዳለ ሳይጠይቅ ገንዘቡን ቆጥሮ ይሰጣል። ጥቂት ወራት ቆይቶ መሣሪያው ሲዘገይበት ወይም ጨርሶ ሲቆምበት ያማርራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የኮምፒዩተር ክፍሎች ምን ምን እንደ ሆኑ፤ እንዴትስ ቢመረጡና ቢገጣጠሙ በመጠነኛ ገንዘብ ለሥራ የሚበቃ መሣሪያ እንደሚገኝ ለማስረዳት ነው። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ጨርሼ በአንድ የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴ ዘንድ በጸሐፊነት የማገለግል ሰው ነኝ። ስለዚህ የምጽፈው በእጄ የሠራሁትንና ተሳስቼ የተማርሁትን ነው።

ነገሩ የተነሣበት ምክንያት

የአሠሪዬ መደብር የሚገኘው በአቃቂ ቃሊቲ፤ ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት ብዙ ሳይርቅ ነው። በጥር ወር 2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ጽሕፈት ቤት የተሠራው ቀድሞ «ዓለም በቃኝ» ይባል በነበረው እስር ቤት ቦታ ላይ መሆኑ የታወቀ ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ የታሰረ ዘመድ ያለው ሰው ስንቁን ይዞ የሚመጣው በአብዛኛው ወደ እኛ ሰፈር፤ ወደ ቃሊቲ ወይም ወደ ቂሊንጦ ነው። ጠያቂ ደግሞ ስንቅ ብቻ ይዞ አይመጣም። የፍርድ ግልባጭ ማባዛት፤ ማመልከቻ ማስጻፍ፤ ደብዳቤ ማስተየብ ያስፈልገዋል። ይቅርታ የሚጠየቅበት ሥርዓት በአዋጅ ቁጥር 840/2006 ተደንግጎ ስለሚገኝ፤ ቤተ ዘመዶች በየጊዜው የይቅርታ ማመልከቻ የሚያስጽፉበትን ቦታ ሲጠይቁ እንሰማለን።

ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት የእስራት ዘመኑን ፈጽሞ ከዚህ ማረሚያ ቤት ወጣ። በውስጥ ሳለ የእንጨት ሥራ ተምሯል፤ ከመታሰሩም አስቀድሞ በኮምፒዩተር መጻፍ ያውቅ ነበር። ሥራ ፈልጎ በየመደብሩ ሲዞር «እስከ ዛሬ የት ነበርህ?» ብለው ሲጠይቁት እውነቱን ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ የሚያገኘው መልስ አንድ ዐይነት ነው። በመጨረሻ ወደ አሠሪዬ መጥቶ፤ «ጋሼ፤ ደመወዝ አልጠይቅዎትም፤ የጽሕፈት ሥራ የምጀምርበት ኮምፒዩተር በብድር ያሲዙኝ» አላቸው።

አሠሪዬ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፤ «ልጄ፤ የማበድርህ መጠን ይህን ያህል ነው። ይህ ከጠፋ ሁለተኛ አልጨምርም፤ ሰውም ቢሆን ድሮስ ከእርሱ ምን ይጠበቃል ይልሃል» ብለው መለሱለት። ከዚያም ወደ እኔ ዞረው ገንዘቡ በከንቱ እንዳይወጣ አብሬው እንድሠራ አዘዙኝ። ገንዘቡ አዲስ የተዘጋጀ ኮምፒዩተር የሚገዛ አልነበረም። እንግዲህ ክፍሎቹን ለየብቻ ገዝተን ለመገጣጠም የተነሣነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስቱ መንገዶች

ኮምፒዩተር ለማግኘት ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው አዲሱንና ተገጣጥሞ የመጣውን መግዛት ነው፤ ይህ ከሁሉ የቀለለ ሲሆን ዋጋው ከሁሉ የከበደ ነው። ሁለተኛው በውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች አገልግሎ ወደ አገራችን የሚገባውን አሮጌ መሣሪያ መግዛት ነው። ሦስተኛው ክፍሎቹን መርጦ ራስ መገጣጠም ነው።

ሁለተኛውን መንገድ ማንም ሊንቀው አይገባም፤ ነገር ግን የትውልዱን ቁጥር ማንበብ ያስፈልጋል። ዊንዶውስ 10 የተባለው የኮምፒዩተር ማስኬጃ ከአምራቹ ያገኝ የነበረው መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል ይፈልጋል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በአምራቹ ደንብ መሠረት ከ8ኛው ትውልድ በፊት ያሉትን ከጥቂቶች በቀር አይቀበልም። ትውልዱን ለማወቅ ከስሙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር መመልከት ይበቃል። «ኮር አይ5-6500» የተባለው 6ኛ ትውልድ ነው፤ «ኮር አይ5-8500» የተባለው 8ኛ ትውልድ ነው። ሻጩ «አይ5 ነው» ብሎ ቢያወድስ ይህ ብቻ በቂ አይደለም፤ በሁለቱ መካከል ትልቅ ልዩነት አለና። ኡቡንቱን የመሰለ ያለ ክፍያ የሚገኝ ማስኬጃ በአሮጌውም ላይ ይሠራል፤ አማርኛም ይጽፋል። ሒሳቡን በፒችትሪ የሚይዝ ነጋዴ ግን ፕሮግራሙ ለዊንዶውስ የተሠራ መሆኑን ማሰብ አለበት።

ለእኛ በገንዘባችን ልክ የቀረቡልን አሮጌ መሣሪያዎች ሁሉ 6ኛ ትውልድና ከዚያ በታች ስለ ነበሩ ሦስተኛውን መንገድ መረጥን።

የኮምፒዩተር ክፍሎች

1ኛ፤ ፕሮሰሰር። ሒሳብና ትእዛዝ ሁሉ የሚፈጸምበት ክፍል ነው። ለጽሕፈት ሥራ የሚሆነው ምስል የማውጣት ችሎታ በራሱ ውስጥ ያለው ነው፤ አለዚያ ምስል የሚያወጣ ሌላ ካርድ ለብቻው መግዛት ግድ ይሆናል። በዚህ ነጥብ ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ። ኢንቴል በ2014 ዓ.ም. ያወጣው ኮር አይ3-12100 ምስል ያወጣል፤ ከስሙ መጨረሻ «ኤፍ» የተባለው የላቲን ፊደል የተጨመረበት ግን አያወጣም። ዋጋው ቀነስ ማለቱን አይቶ ኤፉን የገዛ ሰው ቤቱ ገብቶ ጥቁር መስኮት ሲያይ ይውላል። ከኤኤምዲ ወገን እንደ ራይዘን 5 5600ጂ ያለው፤ በመጨረሻው «ጂ» የተባለው ፊደል ያለበት፤ ምስል የሚያወጣ ነው።

2ኛ፤ ማዘርቦርድ። ክፍሎች ሁሉ የሚሰኩበት ሰሌዳ ነው። ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ጎጆ ከፕሮሰሰሩ ጋር መስማማት አለበት። ከላይ የተጠቀሰው ራይዘን የሚቀመጠው ኤኤም4 በተባለው ጎጆ ነው፤ ኢንቴሉ የሚቀመጠው ኤልጂኤ 1700 በተባለው ነው። አንዱ በሌላው ላይ ፈጽሞ አይገባም። ስለዚህ ሁለቱን ከአንድ ሻጭ፤ በአንድ ቀን፤ አስማምቶ መግዛት ይሻላል።

3ኛ፤ ራም። መሣሪያው በሥራ ላይ ሳለ የያዘውን ነገር የሚያስቀምጥበት ጊዜያዊ መደርደሪያ ነው፤ ኃይል ሲቋረጥ ይጸዳል። ለጽሕፈትና ለሒሳብ 8 ጊጋባይት ያሠራል፤ 16 ቢሆን ይመረጣል። ዲዲአር3፤ ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 የሚባሉ ዐይነቶች አሉ፤ ከታች ያለው ቆረጣቸው በተለያየ ቦታ ስለ ሆነ አንዱ በሌላው ቦታ አይሰካም፤ እምቢ ሲል በጉልበት መግፋት ሁለቱንም መስበር ነው። ከ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ ግዙፍ የኮምፒዩተር ማእከሎች ራሙን በብዛት ስለ ተሻሙት ዋጋው በዓለም ገበያ እጅግ ጨምሯል። እኛም 8 ጊጋባይት ብቻ ገዝተን ሁለተኛውን መሰኪያ ለወደፊት ባዶ ተውነው።

4ኛ፤ ማከማቻ። ጽሑፍ ሁሉ በቋሚነት የሚቀመጥበት ነው። አሮጌው ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ሳሕን አለው፤ አዲሱ ኤስኤስዲ ግን የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለው እጅግ ይፈጥናል። ትልቅ መግዛት አያስፈልግም። አንድ የአማርኛ ፊደል በተለመደው አጻጻፍ 3 ባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ 2,000 ፊደል ያለበት ገጽ ፊደሉ ብቻ ሲቆጠር 6,000 ባይት ነው። በዚህ ስሌት አንድ ጊጋባይት ከ160,000 ገጽ በላይ ይይዛል። ለጸሐፊ 256 ጊጋባይት ከበቂ በላይ ነው። የተረፈውን ገንዘብ ግልባጭ ለማስቀመጥ የሚያገለግል ፍላሽ ቢገዙበት ይበጃል።

5ኛ፤ ፓወር ሰፕላይ። ከግድግዳው የሚመጣውን 220 ቮልት ለክፍሎቹ ወደሚስማማ መጠን የሚለውጥ ነው። የጽሕፈት ኮምፒዩተር በሥራ ላይ ሳለ የሚፈልገው ኃይል አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ዋት ብዙ አያልፍም፤ ስለዚህ 400 ዋት የተጻፈበት ይበቃል፤ የተጻፈው እውነት እስከ ሆነ ድረስ። ከሁሉ በፊት የሚታለፈው፤ ሲበላሽም ሌሎቹን ሁሉ ይዞ የሚጠፋው ይህ ክፍል ነው።

6ኛ፤ ሣጥን፤ ሞኒተር፤ ኪቦርድና ማውስ። እነዚህን አሮጌ ቢገዙ ጉዳት የለውም። ሞኒተሩን አብርቶ ማየትና የገመዱ መሰኪያ ከማዘርቦርዱ ጋር መስማማቱን ማረጋገጥ ብቻ ያስፈልጋል።

7ኛ፤ ዩፒኤስ። መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ደቂቃ ኃይል የሚሰጥ የባትሪ ሣጥን ነው። ሥራ ለመቀጠል ሳይሆን ጽሑፉን አስቀምጦ በሥርዓት ለመዝጋት ነው። ፎቶ ኮፒና የሌዘር ማተሚያ በዚህ ላይ መሰካት የለባቸውም፤ ሲሞቁ የሚስቡት ኃይል ከአቅሙ በላይ ነውና።

ገንዘቡ እንዴት ተከፋፈለ

ዋጋዎችን በብር መጥቀስ ለአንባቢ አይጠቅምም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፤ ቀድሞ 57 ብር ያህል የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል፤ ከውጭ የሚመጣ ዕቃም ዋጋው ከሳምንት ሳምንት ይለዋወጣል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ 100 ብር ምን ያህሉ ለምን እንደ ዋለ ብናገር ይሻላል። ለፕሮሰሰርና ለማዘርቦርድ 40፤ ለራም 16፤ ለማከማቻ 10፤ ለፓወር ሰፕላይ 11፤ ለአሮጌው ሣጥን፤ ሞኒተር፤ ኪቦርድና ማውስ 13፤ ለዩፒኤስ 10 ብር አወጣን።

ከዚህ አከፋፈል የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው። ሲበላሽ ራሱ ብቻ የሚበላሸውን ዕቃ በርካሽ መግዛት ይቻላል፤ ሲበላሽ ሌላውን ወይም የሰውን ጽሑፍ ይዞ የሚጠፋውን ግን በርካሽ መግዛት አይገባም። ሣጥኑ ቢጫጫር ማንም አይጎዳም፤ ፓወር ሰፕላዩ ቢከዳ ግን ብድሩ ሁሉ በአንድ ቅጽበት ይቃጠላል።

የእኔ ስሕተት

ይህን ትምህርት ያገኘሁት በነጻ አይደለም። አሮጌውን ሣጥን ስንገዛ ፓወር ሰፕላይ በውስጡ ስለ ነበረ፤ «አዲስ ከመግዛት ይህን ብንጠቀም 11 ብሩ ይተርፋል» ብዬ መከርሁ። ወጣቱ ግን፤ «መጀመሪያ ለብቻው እንየው፤ ሌላውን ከዚያ በኋላ እናገናኛለን» አለ። ከጀርባው አንዲት ትንሽ ቀይ ማብሪያ የመሰለች ነገር ነበረች፤ እኔም አላስተዋልኋትም። ገመዱን ስሰካ እንደ ርችት ጮኾ ጭስ ወጣው።

ምክንያቱን በኋላ ተረዳሁ። በአንዳንድ አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ጀርባ 115 እና 230 የሚል ምልክት ያለበት መቀያየሪያ አለ። 115 የሚለው እንደ አሜሪካ 120 ቮልት ለሚጠቀሙ አገሮች ነው፤ በእኛ አገር ሁልጊዜ 230 በሚለው ላይ መሆን አለበት። ያ ዕቃ በ115 ላይ ቆሞ ስለ ነበረ የእኛን 220 ቮልት ሊሸከም አልቻለም። ማዘርቦርዱና ፕሮሰሰሩ በዚያን ጊዜ ተገናኝተው ቢሆን ኖሮ የአሠሪዬ ብድርና የወጣቱ ተስፋ በእኔ ምክር አብረው ይቃጠሉ ነበር። ለጊዜው ያጣነው በሣጥኑ ውስጥ የመጣውን ብቻ ነው። በማግሥቱ አዲስ ገዛን፤ የመቀያየሪያዋንም ነገር ለአሠሪዬ ሳልደብቅ ነገርኋቸው።

የአገጣጠሙ ቅደም ተከተል

የሚያስፈልገው መሣሪያ አንድ ጥሩ ካቻቢቴ ነው። ሥራው ከአቧራ በጸዳ የእንጨት ጠረጴዛ ላይ ይሁን፤ በምንጣፍ ላይ መሥራት አይገባም። በሰውነታችን የሚጠራቀም ኤሌክትሪክ ክፍሎቹን ሊጎዳ ስለሚችል አስቀድሞ የሣጥኑን ብረት በእጅ መንካት ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ማዘርቦርዱን ከሣጥኑ ውጭ በካርቶኑ ላይ ማኖር ነው። የጎጆውን ዘንግ ከፍቶ፤ በፕሮሰሰሩ ማእዘን ያለውን ትንሽ ሦስት ማእዘን በጎጆው ካለው ምልክት ጋር አስተያይቶ ማስቀመጥ ነው። በራሱ ክብደት ይገባል፤ መጫን አያስፈልግም። በኤኤም4 ፕሮሰሰር ሥር ያሉት ቀጫጭን እግሮች ከታጠፉ ዕቃው ተበላሸ ማለት ነው።

ቀጥሎ ራሙን ቆረጣውን አይቶ፤ በሁለቱም ጫፍ «ቀጭ» እስኪል ድረስ መሰካት ነው። ከዚያ በፕሮሰሰሩ ጀርባ ላይ የምስር ፍሬ የሚያህል የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት አድርጎ ማቀዝቀዣውን መግጠም ነው። በማቀዝቀዣው ላይ ቅባቱ ተቀብቶ ከመጣ ሌላ አይጨመርም። የማራገቢያውን ገመድ መሰካት አይረሳ።

ከዚህ በኋላ ማዘርቦርዱ ወደ ሣጥኑ ይገባል። በሣጥኑ ላይ ያሉት የናስ እግሮች ከሰሌዳው ቀዳዳዎች ጋር መገጣጠማቸውን ቆጥሮ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ያለ ቦታው የቀረ እግር ሰሌዳውን ነክቶ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ቀጥሎ ማከማቻውና ፓወር ሰፕላዩ ይገጠማሉ። ወደ ማዘርቦርዱ የሚገቡ የኃይል ገመዶች ሁለት ናቸው፤ አንዱ 24 ቀዳዳ ያለው ትልቁ ነው፤ ሁለተኛው በፕሮሰሰሩ አጠገብ የሚሰካው 4 ወይም 8 ቀዳዳ ያለው ነው። ይህን ሁለተኛውን የሚረሱ ጀማሪዎች ጥቂት አይደሉም፤ ሲረሳም ማራገቢያው ቢዞር እንኳ መሣሪያው አይነሣም።

የእኛ መሣሪያ ሲበራ ማራገቢያው ዞረ፤ ሞኒተሩ ግን ጥቁር ሆነ። እኔ ገንዘቡን አስቤ ላብ አጠመቀኝ። ወጣቱ ኃይሉን አጠፋ፤ ገመዱን ነቀለ፤ ጎንበስ ብሎም እያንዳንዱን መጋጠሚያ በጣቱ እየዳሰሰ መረመረ። ወዲያው፤ «ይህ አልገባም» ብሎ ራሙን አሳየኝ፤ አንዱ ጫፍ በጥፍር ውፍረት ያህል ከፍ ብሎ ነበር። ነቅሎ እንደ ገና ሲሰካው «ቀጭ» አለ፤ ሞኒተሩም በራ። የእንጨት ሥራ የተማረ እጅ ያልገጠመ መጋጠሚያን ሲነካ ያውቃል። ከዚያ በኋላ ማስኬጃውን ከፍላሽ ላይ ጫንን፤ የአማርኛውን ኪቦርድ መርጠን የመጀመሪያውን ገጽ ጻፍን።

ከሥራው የተገኘው ውጤት

ጠረጴዛውን ወጣቱ በእጁ ሠራው፤ መንገዱ የከባድ መኪና መንገድ ስለ ሆነና አቧራው ስለሚበዛ ሣጥኑን ከወለል ከፍ የሚያደርግ መደርደሪያም ጨመረበት። በየወሩም ከፍቶ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ያጸዳል።

ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት አንዲት እናት ስንቃቸውን እንደ ያዙ መጥተው ስለ ልጃቸው የይቅርታ ማመልከቻ አስጻፉ። ጽሑፉ ወደ ሁለተኛው ገጽ እንደ ተሻገረ መብራት ጠፋ። ዩፒኤሱ መጮኽ ጀመረ፤ ወጣቱም ጽሑፉን አስቀምጦ፤ በፍላሽም ገልብጦ በሥርዓት ዘጋ። እናቲቱ፤ «ጠፋ እንዴ ልጄ?» ብለው ሲጠይቁት፤ «የለም እማማ፤ አለ» አላቸው። መብራቱ ሲመለስ ከቆመበት ቀጥሎ ጨርሶ አትሞ ሰጣቸው። ለዩፒኤስ 10 ብሩን ማውጣት ይገባ እንደ ሆነ አስቀድመን ተከራክረንበት ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ስለዚህ ነገር አልተነጋገርንም።

ዛሬ ወጣቱ ከብድሩ ከግማሽ በላይ ከፍሏል። መሣሪያው ሲታመም ራሱ ይከፍተዋል፤ የገጠመው ሰው የትኛው ክፍል ምን እንደሚሠራ ያውቃልና ለጠጋኝ የሚያወጣው ገንዘብ የለም። በራስ መገጣጠም የሚገኘው ትልቁ ትርፍም ከዋጋው ቅናሽ ይልቅ ይህ ዕውቀት ነው።

ለአባላት የማቀርበው ምክር ሦስት ነው። አንደኛ፤ ኮምፒዩተር ስትገዙ የፕሮሰሰሩን ሙሉ ስም፤ የራሙን ዐይነትና የፓወር ሰፕላዩን ዋት በደረሰኝ ላይ አስጽፉ። ሁለተኛ፤ በገንዘባችሁ መጠን አሮጌውንና አዲሱን አቀላቅሉ፤ ነገር ግን ኃይል በሚሰጠውና ጽሑፍ በሚያኖረው ክፍል ላይ አትቆጥቡ። ሦስተኛ፤ በየመጋዘናችሁ ያለ ሥራ የተቀመጠ ሣጥንና ሞኒተር ካለ፤ ሥራ ለመጀመር ለሚለፋ ሰው በመጠነኛ ዋጋ ልቀቁለት። ከማረሚያ ቤት የወጣ ሰው ወደ መደብራችሁ መጥቶ ሥራ ቢጠይቅም፤ «የት ነበርህ?» ካላችሁት በኋላ «ምን ታውቃለህ?» ብላችሁ ሁለተኛውን ጥያቄ ደግሞ ጠይቁት።